ከጠርሙሱ ጀርባ

ድንች ጠባሿ ስማቸውን አታውቅም። ሐሙስ ሐሙስ የተጠበሰበትን ዘይት በጀሪካን እየወሰዱ ለአሮጌ መኪናቸው ነዳጅ የሚሠሩ፣ ኮታቸው እስከ አንገት የተቆለፈ ሽማግሌ ናቸው፤ በቃ። አንድም ቀን ቁጭ ብለው አያውቁም።

ዛሬ ግን ከጀሪካኑ ጋር ነጭ ፈሳሽ የሞላበት ጠርሙስ ይዘው መጡና በርጩማዋ ላይ ዘጭ አሉ።

«ምነው ጋሼ፣ የወተት ንግድ ጀመሩ እንዴ?»

«ነዳጄ ነው፣ ልጄ። ከዘይቱ ሲሠራ የሚፈጠረው ሳሙና እንዲለቀው በውሃ ሳጥበው ቸኩዬ ናጥኩት። እንዲህ ደፍርሶ ከገባባት መኪናዋ መንገድ ላይ ትቆማለች።»

«ታዲያ ቅቤው እስኪወጣ ይናጡታ!»

እሳቸውም ሳቁ። ሞቅ ያለ ውሃና ጨው ለመኗትና የሕፃን ገላ እንደሚያጥብ ሰው ቀስ ብለው አፈሰሱበት፤ ጠርሙሱን ፀሐይ ላይ አቁመውም አንድ የድሮ ዜማ እያንጎራጎሩ ጠበቁ።

ሦስት መጥበሻ ድንች ተሸጦ አለቀ። ነጩ ወደ ታች ወርዶ ከላይ ማር የመሰለው ቀረ። ሽማግሌው ከደረት ኪሳቸው የታጠፈ ደብዳቤ አውጥተው ከጠርሙሱ ጀርባ ዘረጉት።

«ዓይኔን አላምነውም፤ አንቺ አንብቢልኝ። ከተነበበ ጠርቷል።»

«‹ቅዳሜ ጠዋት እመጣለሁ። አንተው ተቀበለኝ። እንደዚያን ጊዜው በመኪናህ መንገድ ላይ ካቆምከኝ ግን ሌላ ሃያ ዓመት አኮርፍሃለሁ።›»

ቀና ስትል እንደ ጎረምሳ አፍረው አቀርቅረዋል።

«ጠርቷል ጋሼ፣ አራት ነጥቡ ሳይቀር ይታያል።»

«እሰይ! ቤት ያለውን የነዳጅ በርሜልም እንዲሁ ላጥራው» ብለው ተነሡና ያንኑ ዜማ እያንጎራጎሩ ሄዱ። ጀሪካናቸውን ረስተውት ነበር፤ ልትጠራቸው አፏን ከፈተችና፣ ዜማቸውን እንዳታቋርጥ ተወችው።