በአንድ እጅ የሚገጠም ጎማ

ባለቤቴ ጎሚስታ ነበር። ሱቁ ከፈላና በር ወጣ ብሎ፣ የጭነት መኪኖች በሚቆሙበት ጥግ ላይ ነው። ሙያውን የተማረው ጣሊያን ሲወጣ እዚሁ ሐረር ከቀረ አንድ ሽማግሌ ጣሊያናዊ ጋራዥ ውስጥ ሲሆን፣ እኔ ሳገባው የራሱን ሥራ ከጀመረ ብዙም አልቆየም። እኔ ቤት ውስጥ ልብስ እሰፋለሁ። ሥራ ሲበዛበት ግን መቀሴን ይዤ ሱቁ እወርድና ጎማ እቆርጥለታለሁ። መቀሱ ደነዘ ብዬ ስቆጣ ይስቅብኛል፤ በማግስቱ ተስሎ አገኘዋለሁ።

ከሱቃችን ቁልቁል ሲወርዱ ለሰፈሩ ቦኖ ውሃ የሚገፋ ፓምፕ አለ። የሚያስነሡትና የሚጠብቁት በጦርነት ግራ እጃቸውን የተመቱ አንድ ሽማግሌ የቀድሞ ወታደር ናቸው። የዚያ እጃቸው ጣቶች አይታጠፉም። ሆኖም ቡሎኑንም መፍቻውንም ለሌላ ሰው አያስነኩም።

አንድ ዓመት፣ ክረምቱ እንዳለፈ፣ ፓምፑ ከቱቦው ጋር የሚገናኝበት ቦታ በየጊዜው እየፈነዳ አስቸገረ። ሁለቱ ብረቶች ገጥመው በቡሎን በሚጠብቁበት መሐል፣ ውሃ እንዳያመልጥ የሚገባ የጎማ ቀለበት አለ። መካኒኮቹ ጓርኒሲዮን ይሉታል። የሚፈነዳው እሱ ነው። እሱ በፈነዳ ቁጥር ቦኖው ይደርቅና ሴቱ ሁሉ እንስራውን አዝሎ ወደ ምንጭ ይወርዳል። ወረፋ ላይ፣ “ሁለት እጅ ያለው ሰው ይቀጠርልን” የሚል ነገር ይሰማ ጀመር።

ወሬው ጆሯቸው ደረሰ መሰለኝ፣ አንድ ጠዋት ሽማግሌው የተቀደደውን ጎማ ይዘው ሱቃችን መጡ።

“ልጄ፣ ጥፋቱ የጎማው ነው የኔ? ሳትደብቅ ንገረኝ” አሉት ባለቤቴን።

“ሲገጥሙት ልየውና እነግርዎታለሁ” አላቸው።

ያኔውኑ ሱቁን ዘግቶ ወረደ፤ እኔም ተከተልኩ። ሽማግሌው አዲስ ጎማ በማይታጠፈው እጃቸው ደግፈው፣ በቀኛቸው ቡሎን ያስገባሉ። ብረቶቹ ሊገጥሙ ሲሉ ጎማው ሸርተት ይላል። ቀና ያደርጉታል፤ እንደገና ይወርዳል። መጨረሻ ላይ ሲጠብቅ የታችኛው ጠርዝ ወደ ውጭ ወጥቶ፣ የላይኛው በጭንቅ ተነክሶ ቀረ። ባለቤቴ አጠገባቸው ቁጢጥ ብሎ ያይ ነበር።

“ጎማው ከመሐል እየሸሸ ነው። የላይኛው በኩል በደንብ ስላልተያዘ ውሃው ገፍቶ ይቀደዋል” አላቸው። “እኔ እየመጣሁ ልግጠምልዎት?”

“አንተ የሌለህ ቀንስ?” አሉ። “እንጀራዬ ነው ልጄ። እኔው ራሴ ልገጥመው ይገባል።”

ወደ ሱቁ ስንመለስ ባለቤቴ፣ “መሐሉን ራሱ የሚያገኝ ጎማ መሥራት አለብኝ” አለኝ።

ጀጎል ውስጥ የብር አምባር የሚሠራ አንድ ሐረሪ ወዳጅ ነበረው። ላከበትና መጣ። ባለቤቴ መሬቱ ላይ በቾክ ሣለለት፦ መሐሉ ስስ የብረት ቀለበት፣ በላዩና በሥሩ ጎማ፣ ከታች ደግሞ ከብረቱ የወጡ ሁለት ጆሮዎች። እያንዳንዱ ጆሮ እንደ ግማሽ ጨረቃ ጎድጎድ ያለ ነው።

“የታችኞቹ ቡሎኖች መጀመሪያ ይገባሉ፤ ጎማው በጆሮዎቹ ይቀመጥባቸዋል። የሚይዘው ሰው አያስፈልግም” አለው።

ብር ሠሪው ሣቀ። “ወላሂ፣ ለጎማ ጌጥ ስሠራ የመጀመሪያዬ ነው!”

ከአሮጌ በርሜል ላሜራ ቆርጦ፣ በሞረድ አለስልሶ አመጣው። ባለቤቴ ጥሬውን ጎማ በማስቲሽ ለጥፎ፣ በሁለት ብረት መሐል በሞርሳ አጥብቆ፣ ምድጃው ላይ ጋገረው። ሲወጣ ዐይን የሚስብ ነበር። በእጁ ጠምዘዝ ሲያደርገው ግን ጎማው ከብረቱ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ተላቀቀ። ደግሞ ሞከሩ፤ ያው ሆነ። ባለቤቴ ሲናደድ አይጮኽም፤ እጁን ይታጠባል። ያን ቀን ደጋግሞ ታጠበ።

ብር ሠሪው የተላቀቀውን ብረት አንሥቶ አገላበጠው። “ይሄ በጣም ለስልሷል፤ ጥፋቱ የኔ ነው። ጎማው ምኑን ይያዝ?” አለ። ከዚያ መብሻውን አወጣና ቀለበቱን ዙሪያውን ይበሳው ጀመር። “የላዩ ጎማ ከሥሩ ጎማ ጋር በዚህ ይጨባበጥ።”

ብረቱን እኔ በአመድና በሳሙና አጠብኩት፤ የዘይት ጠብታ ካለበት ጎማው አይይዝምና። በዚህኛው ጊዜ ተጋግሮ ሲወጣ ሁለቱም ወንዶች እየተፈራረቁ ጠመዘዙት፤ አልላቀቅ አለ። ብር ሠሪው “አልሐምዱሊላህ” አለ፤ ባለቤቴም አማተበ።

ፓምፑ ዘንድ ስንደርስ ሽማግሌው ጎማውን ተቀብለው ጆሮዎቹን በጣታቸው ዳሰሱ። የታችኞቹን ቡሎኖች አስገቡ፣ ጎማውን አስቀመጡ፣ እጃቸውን አነሡ። ጎማው ቆመ። መለስ ብለው አዩን። ባለቤቴ ሊያግዛቸው እጁ ይበላው እንደነበር አውቃለሁ፤ ሁለት እጁን ብብቱ ውስጥ ከቶ ቆመ። ሽማግሌው የቀሩትን ቡሎኖች አንዱን ካንዱ ትይዩ እያፈራረቁ አጠበቁና ሞተሩን አስነሡ። አንዲት ጠብታ አልወጣችም። ከላይ ከቦኖው በኩል እልልታ ሰማን።

ከዚያ በኋላ የሞተራቸው ውሃ እየፈሰሰ ያስቸገራቸው የወፍጮ ባለቤቶች ከባቢሌም ከጉርሱምም ይመጡ ጀመር። ሁለቱ ጓደኞች እየተጠሩ በጭነት መኪና አብረው ይሄዳሉ። የየሞተሩን ቡሎን ለክተው፣ ለየአንዳንዱ የሚስማማ ጆሮ ያወጣሉ። ሲመለሱ ፊታቸው ጥላሸት ለብሶ፣ ጆሮው ሰፋ ይበል፣ ጠበብ ይበል እያሉ ሲከራከሩ ድምፃቸው ከሩቅ ይሰማኛል። አንዱ የሌላውን ሥራ የኔ ነው ሲል ሰምቼ አላውቅም። ሰው ሲያመሰግናቸው ባለቤቴ ወደ ብር ሠሪው፣ ብር ሠሪውም ወደ ባለቤቴ ይጠቁማል።

ሽማግሌው ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ፓምፑ ላይ ቆዩ። ጎማ የሚቀየርበት ጊዜ ሲደርስ አዲሱን ከሱቃችን ይወስዱና፣ “ማንም እንዳይከተለኝ” ብለው ብቻቸውን ቁልቁል ይወርዳሉ። እኔና ባለቤቴ ከሱቁ በር ላይ ቆመን በዐይናችን እንሸኛቸው ነበር።