አዳኖ የአበበችን በር የሣለበት ጊዜ

አበበች ኃይለማርያም በስልሳ ሁለት ዓመቷም ኩሏን ሳትኳል፣ ከንፈሯን ሳትቀባ ሱቋን አትከፍትም። ሞያሌ ውስጥ፣ በኬንያ በኩል፣ ወደ ሄሉ በሚወስደው መንገድ ዳር ሽቶ ትሸጣለች። በወጣትነቷ ሙሽሮችን ታስጌጥ ነበርና ስለ ድሮ ቁንጅና ካነሱባት አታባራም። ግድግዳዋን የሞሉት ጎፈሬያቸውን አበጥረው በሐሳብ አሻግረው የሚመለከቱ ሴቶች ፎቶግራፎች ናቸው።

አምና የሱቁን በር ቀለም ፀሐይ ጨረሰው። ሠዓሊውን አዳኖን አስጠራችና፣ «ቆንጆ ሴት ሣልልኝ፤ አላፊ አግዳሚውን የምታስቆም!» አለችው።

አዳኖ በሁለት ቀን ጨረሰ። ዓይኗ የብር አሎሎ፣ አንገቷ መቃ፣ አፍንጫዋ ሰልካካ የሆነች ሴት፣ ጽጌረዳ ይዛ።

አበበች ራቅ ብላም ቀረብ ብላም አየቻት። «ታምራለች። ግን ማን ናት?»

«ማንም አይደለች፣ ማማ። ለፀጉር ቤቱም ለፎቶ ቤቱም የምሥለው እሷኑ ነው።»

በዚህ መሃል ኸይራ ደረሰች። ኸይራ ከዳበል መንደር በሎሪ የግመል ወተት እያመጣች የምትሸጥ፣ ፊቷን ፀሐይ ያጠቆረው፣ ጥርሰ ፍንጭት የሃምሳ ዓመት ሴት ናት። ወተቷን ሸጣ ስትጨርስ አበበች ዘንድ ጎራ ብላ ከጆሮዋ ሥር የጃስሚን ሽቶ ጠብ ታደርጋለች። የዚያን ቀንም ዓይኗን ጨፍና ሽታውን ሳበችውና ሥዕሉን አይታ ከት ብላ ሳቀች።

«ይቺ ምስኪን! በዚህ አንገቷ ጀሪካን ብትሸከም አይቀነጠስባትም?»

ራሷን ወደ ኋላ ጥላ ስትስቅ አበበች አፍጥጣ አየቻት። ያን ሁሉ ሙሽራ ስታስጌጥ እንዲህ ያለ ፊት ያየች አልመሰላትም።

«አዳኖ፣ ያቺን አጥፋና ይቺን ሣልልኝ!»

«እኔን? አብደሻል?» አለች ኸይራ። «ይህ ፊት ሽቶ ሊያሸጥ?»

«ሽቶዬን የሚገዛው ማነውና? እንዳንቺ ያለው አይደል!»

አዳኖ ፈራ፤ ሰው ፊቱ አስቀምጦ ሥሎ አያውቅም። ኸይራ ግን ገበያ በመጣች ቁጥር በርጩማ ላይ ግማሽ ሰዓት እየተቀመጠችለት፣ በሦስት ሳምንት ጨረሰ። ፍንጭቷን አልሸፈነም፣ ሽብሽባቷን አላቃናም።

ኸይራ ሥዕሉን ስታይ እንባዋ መጣ። በሳምንቱ ባሏን ዲባን ይዛው መጣች። ሽማግሌው ምርኩዙን ተደግፎ ሥዕሉን ከላይ እስከ ታች አየና፣ «ሳገባት ልክ እንዲህ ነበረች» አለ።

«አሁንም እንዲሁ ነኝ!» ብላ ቆነጠጠችው።

ዲባ እየሳቀ ሱቅ ገብቶ፣ በሠላሳ ዓመት ትዳር ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚስቱ ሽቶ ገዛላት። የመረጠው የሎሚ ሽታ ያለውን ነበርና ኸይራ አልወደደችውም፤ አሁን ራሱ ይቀባዋል።

ዛሬ ለወተት ገበያ የሚመጡት ሴቶች አዳኖን «እኔንስ መቼ?» እያሉ መውጫ መግቢያ አሳጥተውታል። ቀጣዩን ተራ ግን አበበች ይዛዋለች፤ ሽበቷን ቀለም ትቀባው ወይስ እንዳለ ይሣል፣ ገና አልቆረጠችም።