ሁለተኛው ጣሳ

ያኔ ሠላሳ አንድ ዓመቴ ነበር። ኡራኤል ባቡር ጣቢያ መስኮት ውስጥ ተቀምጬ የባቡር ትኬት እሸጣለሁ። ትምህርቴን ከአሥረኛ ክፍል አልገፋሁም፤ ግን ያየሁትን ነገር መጻፍ እወዳለሁ። ባቡሩ ለምን እንደሚዘገይ አንድ ደብተር ሙሉ ጽፌ ነበር። ሰዉ ሹፌሮቹን ቀርፋፋ ይላል። እኔ ያየሁት ሌላ ነው። ባቡሩ መስመሩ መጨረሻ ሲደርስ ሹፌሩ ይወርድና በእግሩ ወደ ባቡሩ ሌላኛው ጫፍ ሄዶ ነው የሚመልሰው። ሌላ ሹፌር እዚያ ጫፍ ላይ ቆሞ ቢጠብቅ፣ ባቡር ሳይጨመር ብዙ ሰው ይጓዝ ነበር። ይህንኑ ለአለቃዬ ላሳየው አስቤ ነበር።

ደብተሩን ከአለቃዬ በፊት ሌሎች ወሰዱት።

"የባቡር ሰዓት የምትመዘግቢው ለማን ነው?" አለኝ ሲቪል የለበሰው ሰውዬ።

"ለአለቃዬ።"

"የትኛው አለቃሽ?"

እኛ ቤት አማርኛም ትግርኛም ይነገራል። በዚያ የጦርነት ሰሞን ይሄ ብቻውን ለመታሰር ይበቃ ነበር።

ያስገቡኝ ክፍል ከካዛንቺስ ብዙም አይርቅም፤ የታክሲ ጥሩምባ ይሰማል። ስሚንቶው እርጥብ ነው። አሥራ ሰባት ሴቶች ነበርን። ሽንት ቤት የምንወጣው ጠዋት አንዴ፣ ማታ አንዴ፣ ግማሽ ግማሽ ሰዓት ብቻ። ከዚያ ይዘጋል፤ ያልደረሳት አልደረሳትም።

ከመካከላችን እማማ የምንላቸው አሮጊት ነበሩ። ልጃቸው ተፈልጎ ሲታጣ እሳቸውን ነው ያመጧቸው። ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው ሁልጊዜ መጨረሻ ይቀራሉ። በገባሁ በሦስተኛው ቀን ጠዋት፣ ተራቸው ሳይደርስ በሩ ተዘጋ። ከሰዓት በኋላ ነጠላቸውን ጭናቸው ላይ ጎትተው ወደ ግድግዳው ዞሩ። ሁላችንም አወቅን።

በነጋታው "እማማ ይቅደሙ" ብዬ መጀመሪያ አስገባኋቸው። ደግ የሠራሁ መስሎኝ። እሳቸው ቆዩ፤ ከኋላ ሦስት ሴቶች ሳይደርሳቸው ቀረ። አንዷ፣ አፏ የማያርፍ ልጅ ናት፣ "የአንቺ ጽድቅ በእኛ ፊኛ ነው እንዴ?" አለችኝ። እማማ ሰሙ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ውሃ መጠጣት ተዉ።

"እማማ፣ ትንሽ ይጎንጩ እንጂ።"

"ተይኝ ልጄ። ካልጠጣሁ ሰው አላስቸግርም።"

ከንፈራቸው ተሰነጣጠቀ።

እኔ ደግሞ እንደ ልማዴ መቁጠር ጀመርኩ። ሰዓቴን ስለወሰዱብኝ በልቤ ነው የምቆጥረው። የሚያዘገዩን እማማ አልነበሩም። ሽንት ቤት ውሃ ይዘን የምንገባበት ጣሳ አንድ ብቻ ነው። አንዷ ስትወጣ ባዶውን ለቀጣይዋ ትሰጣለች፤ ቀጣይዋ የውሃ በርሜሉ ጋ ሄዳ፣ ቀድታ ትመለሳለች፤ እስከዚያ ሽንት ቤቱ ባዶውን ነው። ልክ እንደዚያ በእግሩ እንደሚሄደው ሹፌር።

"ሁለተኛ ጣሳ ያስፈልገናል" አልኳቸው ሴቶቹን። "አንዷ ውስጥ ሳለች ቀጣይዋ ሞልታ በሩ ላይ ትቁም።"

ያቺው ልጅ ሳቀች። "በቃ፣ እዚህም ባቡር አመጣሽብን?" ሳቋን ሳትጨርስ ግን ሻይ የምትጠጣበትን የወተት ጣሳ አውጥታ ሰጠችኝ። "ሻዬን በመዳፌ ልጠጣልሽ።"

በማግስቱ ጠዋት በሩ አጠገብ ቆምኩ። "አንቺ ግቢ። አንቺ ቅጂ። ግቢ።" እማማን መጨረሻ ላይ አደረግኳቸው። ፈርተው እጄን ያዙኝ።

"ይደርስዎታል" አልኳቸው። እኔም እርግጠኛ አልነበርኩም።

አሥራ ስድስታችን ገብተን ወጣን። እማማ ገቡ። ጠባቂዋ ሰዓቷን አየች፤ ቁልፉን አነሳች፤ ሰዓቷን ደግማ አየች። ገና ነበር። እማማ ፊታቸውን ታጠቡ፣ ሻሻቸውን ፈትተው እንደገና አሰሩ፣ ቀስ ብለው ወጡ። ማንም አላጣደፋቸውም። ምሳ ሰዓት ላይ፣ ማንም ሳይለምናቸው፣ "እስቲ ውሃ ስጡኝ" አሉ።

ከሳምንት በኋላ ስማቸው ተጠርቶ ወጡ። የት እንደወሰዷቸው እስከ ዛሬ አላወቅሁም።

ከተፈታሁ በኋላ ወደ ትኬት መስኮቱ አልተመለስኩም። በኡራኤል ሳልፍ ባቡር ቆሞ ካየሁ ግን ሳላስበው እቆጥራለሁ፤ እማማም እጄን እንደያዙኝ ይታየኛል።

አባቴ ጡረተኛ ነው። እኔ ታስሬ ሳለሁ፣ ደብተሬ መወሰዱን ሲሰማ ቂርቆስ ካለ ሱቅ ሌላ ገዛ። በየጠዋቱ ስንቄን አቀብሎ ሲመለስ ኡራኤል ይቆምና፣ ባቡሩ ስንት ሰዓት እንደደረሰ፣ ስንት ደቂቃ እንደዘገየ ይጽፍ ነበር። የተፈታሁ ዕለት ደብተሩን ሰጠኝ።