ያልተነቀለው መንጋጋዬ

ቡና መድረቁ በዓይን ብቻ አይታወቅም። ገበሬው «ደርቋል» ይላል፣ ገዢው «ገና ነው» ይላል፤ የሚያስታርቃቸው ጥርስ ነው። ጀንፈሉን፣ ከነገለባው ያለውን ቡና፣ ፈልፍለን ፍሬውን መንጋጋ መሀል እናደርግና እንነክሳለን። ለጥ ካለ እርጥብ ነው፤ ቀጭ ብሎ ከተሰበረ መጋዘን ይገባል። ቦንጋ ውስጥ በምሠራበት የቡና መጋዘን ነካሿ እኔ ነበርኩ። አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ ቤት መቀመጥ ስላልሆነልኝ ነው የገባሁት። ጉራ አይደለም፣ የኔን ያህል የሚያውቅበት አልነበረም። ባለቤቱ ጋሼ እንኳ ወንዶቹን ትተው እኔን ነበር የሚጠሩት።

አንድ ቀን ከማንኪራ የመጡ ሽማግሌ ማዳበሪያቸውን ፈቱልኝ። ነከስኩ። ቀጭ!

«ደርቋል» ብዬ ስተፋ ከቡናው ጋር ነጭ ስባሪ ወጣ። የታችኛው ቀኝ መንጋጋዬ ግማሹ የለም።

«ደርቋል አላልኩሽም?» አሉ ሽማግሌው።

እኛ ሰፈር የተሰበረ ጥርስ ይነቀላል፤ ሌላ ወሬ የለም። እናቴ ከኋላ ያሉትን ነቅላ ነቅላ ቆጮ እንኳ በፊት ጥርሷ ነው የምታኝከው። «ተነቀይና ተገላገዪ» አለችኝ። ጋሼ ደግሞ «በቦታው ወርቅ አስተክዪበት፣ ባል ይመጣልሻል» አሉ።

«አፌን አይቶ የሚመጣ ባል ይቅርብኝ» አልኳቸው።

ጥርሴ ነው፤ ለምንድን ነው የምሰጠው? የጥርስ ክሊኒክ ሄድኩ።

ዶክተሯ ራጅ አንስታ ስሩ ደህና መሆኑን አየች። «ተራ ሙሌት ይህን አይሸከምም፣ አንድ ጎኑ ፈርሷል» አለች። «ሙሉ ሽፋን ላልብስሽ ካልኩ ደግሞ ጤነኛውንም ዙሪያውን መሞረድ አለብኝ። ኦንሌይ ይሻልሻል። የጎደለውን ብቻ በልኩ አሠርቼ ከላይ አጣብቀዋለሁ።» ልኩን ወስዳ አዲስ አበባ ላከችው፤ ለጊዜው በለስላሳ ሙሌት ደፈነችው።

«እስኪመጣ ጠንካራ ነገር እንዳትነክሺ። ስንጥቁ ስሩ ከደረሰ መንቀል ብቻ ነው የሚቀረን። ሥራሽ ምንድን ነው?»

«ቡና መንከስ።»

ሳቀች። እኔ አለመሳቄን ስታይ ተወችው። «ከዛሬ ጀምሮ በቃ» አለች።

በማግስቱ አንድ ገበሬ ቡና ይዞ መጣና ጋሼ ጠሩኝ። «ነይ ንከሺልኝ።»

«አልነክስም።»

«በግራሽ ንከሺዋ!»

«ግራዬም የራሴ ነው።»

«ታዲያ አንቺ ለምን ትጠቅሚኛለሽ?»

እሳቸው ሲጮሁ እኔ ቆሜ መስማት አልችልም። ከጓሮ መዶሻ አመጣሁ፣ ፍሬውን ድንጋይ ላይ አድርጌ መታሁት፤ ተፈረካከሰ። ከሌላ ማዳበሪያ አንድ ወስጄ ደገምኩ፤ እንደ ማስቲካ ተዳጠ። ገበሬውም ጋሼም እኩል አዩት። ጋሼ ያንን እርጥቡን ማዳበሪያ መለሱት። ከዚያ በኋላ እኛ መጋዘን ጥርስ አልሠራም።

ኦንሌዩ ሲመጣ ከምስር ክክ ብዙም አይበልጥም። ዶክተሯ ጥርሴን አድርቃ፣ ማጣበቂያ ቀብታ፣ አስቀመጠችውና በሰማያዊ መብራት አጠነከረችው። ባለቀለም ወረቀት እያስነከሰች ከፍ ያለውን ሞረደች። «አሁንስ?» ስትለኝ ምላሴ ኦንሌዩ የት እንደጀመረ የት እንዳለቀ ጠፋው።

ቤት ስገባ እናቴ በር ላይ ያዘችኝ። «ክፈቺ እስቲ!» የስልኳን መብራት አፌ ውስጥ አበራች። አየች፣ ጎንበስ ብላ አየች።

«የቱ ነው?»

ትከሻዬን ሰበቅኩ።

«ይሄ ነው?» በጣቷ ነካች። አንገቴን ነቅንቄ አይደለም አልኳት። «ይሄኛው?» አይደለም። «አትቀልጂብኝ፣ ሁሉም አንድ ነው እኮ!»

ልነግራት እችል ነበር። አፌን ይበልጥ ከፈትኩላት፤ ትፈልግ።