ያልጨረስኩት ዶክሲሳይክሊን

ታላቅ ወንድሜ ውጫሌ መድኃኒት ቤት ሲሠራ ለታማሚው ሁሉ አንድ ነገር ይደግም ነበር፦ «ዶክሲሳይክሊን ባክቴሪያው ፕሮቲን እንዳይሠራ እጁን ይይዘዋል እንጂ ወዲያው አይገድለውም። ቶሎ ከተዋችሁት ወደ ሥራው ይመለሳል።»

በጦርነቱ መድኃኒት ሲጠፋ ትኩሳት ያዘኝ፤ ወንድሜም ቤት ካስቀመጠው ዶክሲሳይክሊን ሰጠኝ። በሦስተኛው ቀን ሲሻለኝ አቋርጬ የቀረውን ደበቅኩት። «ጨረስከው?» አለኝ።

«ወላሂ ጋሼ፣ ጨርሻለሁ።»

ትኩሳቱ አገረሸብኝ። ለራሱ ያቆየውንም ሰጠኝ።

ኋላ እሱ ሲታመም ሌላ አልነበረም፤ የደበቅኳቸውን አራት ፍሬዎች አወጣሁለት። ቆጠራቸውና አየኝ። «አይዞህ፣ እንኳንም ተረፈ» አለኝ። አልበቃውም።

አላህ ይዘንለት። ለቅሶ ደራሾች ባዶ መደቡ አጠገብ ተቀምጠው «ያስታመምክበትን አላህ ይቀበልህ» ሲሉኝ፣ አንገቴን ደፍቼ «አሜን» እላለሁ።