አባቴ የወደቀበት ማኅሌት

ዛሬ ጠዋት የቀበናን ወንዝ ስሻገር ከደብሩ የመቋሚያ ድምፅ ሰማሁና አባቴ ትዝ አለኝ።

አባቴ እንጦጦ ላይ የአቋቋም መምህር ነበር። ወለሉን በመቋሚያው እየመታ ሲያሸበሽብ፣ ሰው ዓይኑን ከእግሩ አይነቅልም። ስምንት ዓመት ሲሆነኝ ግን የተቆረጠ ጥድ ወድቆ እግሩን ሰበረው። ወጌሻ ቢያሸውም አልዳነም።

ለልደታ እኔን ተደግፎ ማኅሌት ሄደ። ከበሮው ሲፈጥን እግሩን አነሳና በደብተራዎቹ መካከል ወደቀ።

ስንመለስ፣ "አባባ፣ አመመዎት?" ብዬ ጠየቅሁት።

"እግሬንስ ቻልኩት፣ ልጄ። ዜማው ነው ጥሎኝ የሄደው" አለኝ።

"ነገ ይመጣል" ብዬ አጽናናሁት።

ከዚያ ወዲያ በበዓል ቀን ከበሮ ሲመታ ጋቢውን እስከ ጆሮው ይከናነብ ነበር። በርዶት መስሎኝ እስኪሞት ድረስ እሳት አነደድኩለት።

በስተርጅናዬ ሳስበው፣ አንድ ቀን እንኳ "አልበረደኝም" አላለኝም።