ካሴቱ ሳያልቅ

የእህቴ ልጅ ባለፈው ሰሞን ማዳመጫዋን ጆሮዬ ላይ ሰክታ አንድ ሙዚቃ አሰማችኝ። ቫዮሊኖቹ በዝግታ ይነሳሉ፤ ከሥራቸው የማሽን ምት ዱብ ዱብ ይላል። «ኦርኬስትራና ኤሌክትሮኒክ ተቀላቅሎ ነው፤ እንዲህ ያለ ነገር ከዚህ በፊት አልነበረም» አለችኝ። ይቺ ልጅ እሷ ከመወለዷ በፊት ምንም ነገር የነበረ አይመስላትም። ማዳመጫውን አውልቄ ወጣሁ። የተቆጣሁ መስሏት ይሆናል። እኔ ግን ናፍቆኝ ነው።

በደርግ ጊዜ፣ ቆቦ ላይ፣ ጎረቤታችን የሆነ ራዲዮ ጠጋኝ ነበር። ሃያ አምስት ዓመት ቢሞላው ነው። ከእናቱ ጋር ይኖራል፤ ባላቸው የሞቱባቸው ሴት ናቸው፣ ከሱ ሌላ ልጅ የላቸውም። እኔ በቀበሌው የኪነት ቡድን ውስጥ ነበርኩ። ድምፄ ይህን ያህል አልነበረም፤ ምት ግን አይስተኝም። እሱም የፈለገኝ ለዚሁ ነው።

ነገሩ የጀመረው አንድ የዋጃ ሰው ባመጣው አሮጌ ራዲዮ ነው። የባትሪ ድንጋዩ ሊያልቅ ሲል ንግግሩን ትቶ ዱግ ዱግ ዱግ ይላል። ሌላ ጠጋኝ ቢሆን «ድንጋይ ቀይር» ብሎ ይሸኘው ነበር። እሱ ግን የድምፅ መቀነሻውን ትንሽ ሲያዞረው ምቱ እንደሚፈጥን፣ ሲመልሰው እንደሚዘገይ አየና ጠራኝ።

«እስቲ አጨብጭቢ፣ እንደ ጭፈራ» አለኝ።

አጨበጨብኩ። ቁልፉን እያዞረ እጄን ተከተለ፤ ራዲዮው የራያን ጭፈራ መታ። ሁለታችንም ሳቅን። ከዚያ ደግሞ ሁለት ራዲዮዎች አጠጋግቶ አንዱን ሲያዞር ሌላው እንደሚያፏጭ አሳየኝ።

ከሰዓት በኋላ በአጭር ሞገድ አንድ የውጭ ጣቢያ ኦርኬስትራ ያሰማል። የምን አገር እንደሆነ አናውቅም፤ ንግግራቸውም አይገባንም። ቫዮሊኖቹን በአንድ ቴፕ ቀዳቸው። ቀጥሎ ያንን ቴፕ፣ የሚመታውን ራዲዮና የሚያፏጩትን ጠረጴዛ ላይ ደርድሮ በሌላ ቴፕ ሁሉንም ባንድ ላይ ይቀዳቸው ጀመር። ሱቁ ቆርቆሮ ነው፤ የመኪና ጥሩምባ እንዳይገባብን በሩን ስንዘጋው በቆቦ ሙቀት እንቀቀላለን። ምቱ ሲስት በጣቴ ምልክት እሰጠዋለሁ፤ እንደገና ከመጀመሪያው። ወራት ፈጀብን። ስለ ፍቅር አንድም ቀን አልተነጋገርንም። እዚያ ቤት ውስጥ መናገር አይቻልም ነበር፣ ቴፑ ይቀዳዋላ።

በመጨረሻ ግማሽ ሰዓት የሚሞላ ሙዚቃ ወጣልን። የተረፈው አንድ ካሴት ነበር፤ በአንዱ ገጹ ለእናቱ የቀዳላቸው ውዳሴ ማርያም አለበት። የኛ በሌላው ገጽ ገባ።

የቀበሌውን ድምፅ ማጉያ ጠግኖ የጨረሰው በገበያ ቀን ነው። ለመሞከር ብሎ የኛን ካሴት ከተተበት። ያን ጊዜ ራዲዮ ፕሮግራሙን አቋርጦ ዘፈን የሌለው ሙዚቃ ካሰማ አዋጅ እንደሚከተል የማያውቅ አልነበረም። ቫዮሊኖቹ ሲነሱ ማሽላ የምትሰፍረዋ ሴት ቁናዋን አስቀመጠች። ጨው ጭነው የመጡት አፋሮች ግመሎቻቸውን አቆሙ። ከጎብዬ የመጡ ገበሬዎች «ማን ሞቶ ይሆን?» እያሉ ተጠጋጉ። ገበያው ግማሽ ሰዓት ሙሉ ቆሞ ሙዚቃችንን ሰማ። ሙዚቃው ሲያልቅም ማንም አልተንቀሳቀሰም።

«አለቀ እንዴ?» አሉ አንድ ሽማግሌ።

«ገና ነው፤ አሁን ነው እሚናገሩት» አላቸው ከጎናቸው የቆመው ሰው።

የቀበሌው ሊቀመንበር ሳይቀር አዋጅ ሊሰማ እየሮጠ መጣ። ነገሩ ሲገባው ጠጋኙ ላይ በቁጣ አምባረቀበት፤ ገበያተኛው ግን እየሳቀ ወደ ጉዳዩ ተመለሰ። እኔ በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ኮርቼ አላውቅም።

ዓመት ሳይሞላ ለብሔራዊ ውትድርና ተመለመለ። መኪናው ላይ ሊወጣ ሲል ካሴቱን እጄ ላይ አስቀምጦ «አደራሽን» አለኝ።

በዚያ ዘመን ማንበብ የማይችሉ እናቶች ለልጆቻቸው ድምፃቸውን በካሴት ይልኩ ነበር። ከፈቃድ የሚመለስ ወታደር ይወስደዋል፤ ልጁ እዚያው ላይ መልሱን ቀድቶ ይመልሰዋል። የሱም እናት መጡ። ባዶ ካሴት ብፈልግ ብፈልግ ጠፋ፤ የኛን የሚገለብጥልኝም ሰው አልነበረም።

«በውዳሴ ማርያም ላይ እኔ አልለፈልፍም፤ እሷ አብራው ትሂድ። በወዲያኛው ገጽ ይሁንልኝ» አሉኝ።

እናት ናቸው፣ ምን ልበል? የወንድሜን ቴፕ አምጥቼ መቅጃውን በገዛ ጣቴ ተጫንኩት። ነጠላቸውን አስተካክለው፣ ሰው ፊት እንደተቀመጡ ሁሉ፣ ስለ ላሚቱ፣ ስለ ማሽላው፣ ማን ማንን እንዳገባ አሥር ደቂቃ ያህል አወሩለት። ከሙዚቃችን ሲሶው ሄደ።

መልሱ ሲመጣ ልክ እናቱ ካቆሙበት ላይ ንግግሩን አቁሟል። ከዚያ ወዲያ ቫዮሊኖቹ ከነምታቸው ይቀጥላሉ። አንዲት ቅንጣት አልነካም። አስቦልኝ እንደሆነ ገባኝ፤ አለቀስኩ።

በሁለተኛው ጊዜ እናቱ ወሬ በዝቶባቸዋል። አሥር ደቂቃው ሊሞላ ነው፤ እሳቸው ገና ናቸው። እያንዳንዱ ቃላቸው የቀረንን ሊበላው ሲደርስ ይታየኛል። «እንግዲህ ልመርቅህ፣ ልጄ» ሲሉ ማቆሚያውን ተጫንኩት።

«ካሴቱ አለቀ፣ እማማ» አልኳቸው።

«ውይ፣ ሳልመርቀው?»

«በሚቀጥለው ይመርቁታል።»

ዋሸሁ። ዛሬም ሲያቃጥለኝ የሚኖር ይኸው ነው።

ሁለተኛውን መልስ አንድ መንገደኛ ወታደር አደረሰልን። «እማዬ፣ ደህና ነኝ። አታስቢ። ምርቃቱን እጠብቃለሁ።» በቃ ይኸው ነው። ከዚያ ነፋስ ይሰማል፤ በነፋሱ ውስጥ በጣቱ ቆርቆሮ ይመታል፣ የኛን ምት። ሳያቋርጥ መትቶ መትቶ ቫዮሊኖቹ ሲነሱ ያስረክባቸዋል። ለእናቱ ሦስት ቃል፣ ለኔ ያን ሁሉ ደቂቃ። ደስታዬ አሳፈረኝ።

ምርቃቱን የሚያደርስ ሰው አልተገኘም። ጦሩ ከነበረበት ለቋል አሉ። ከሱም ሌላ ድምፅ አልመጣም።

እናቱ እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ እኛ ቤት ይገባሉ። «አፈር ስሆን፣ ክፈችልኝ» ይሉኛል። ሦስቱን ቃል ይሰማሉ፣ ምቱን ይሰማሉ፤ ከዚያ ሙዚቃውን ጆሯቸውን አዘንብለው ይጠብቁታል። ያን ዕለት ገበያ ውስጥ ከቆሙት አንዷ ነበሩ፤ ከሙዚቃ በኋላ የሚናገር ሰው አለ ብለው ያምናሉ። እኔ ደግሞ መጨረሻው ሲቃረብ፣ ፉጨቱ ብቻ ሲቀር፣ ቀደም ብዬ አጠፋዋለሁ። እስኪሞቱ ድረስ እንዲህ ነበርን።

«አለቀ እንዴ?» ይሉኛል።

«ገና ነው፣ እማማ» እላቸዋለሁ።